የስንሻው ዲስክ

ስንሻውን በሸሕዲ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው፤ ድምፁን የሰማው ግን ጥቂት ነው። ሰላም ሲሉት ኮፍያውን ነካ አድርጎ ያልፋል። ሻይ ቤት ሲገባ አስተናጋጇ ምን ልታዘዝ ሳትል ታቀርብለታለች፤ ጠይቃው መልሱን ብትጠብቅ ሻዩ ይበርዳላ። አንዷን ቃል ሦስት ጊዜ ውጦ ነው የሚያወጣት ይሉታል። ክፉ የሚለው የለም። ዓይን አፋር ይሉታል፣ ከዚያም ይረሱታል።

ትራክተር ላይ ሲወጣ ግን የሚረሳ ሰው አይደለም። በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ሰሊጥ ሊያርም ከጭልጋ ወርዶ፣ ውሃ በማመላለስ ጀምሮ፣ ግሪስ እየቀባ፣ ጎማ እየነፋ ቆይቶ መሪ ጨበጠ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ውስጥ ዐሥራ አንዱን ያረሰው ከኮኪት ወዲህ ሰፊ የሰሊጥና የማሽላ መሬት ላላቸው ለአቶ እንግዳው ነው።

በቆላው የትራክተሩን ማረሻ ሰው ሁሉ ዲስክ ነው የሚለው። ሦስት ክብ ብረት፣ እያንዳንዱ የትልቅ ትሪ ያህል፣ ጎድጎድ ያለ፣ ጠርዙ የተሳለ። "ዲስክ ወረደ" ካሉ ክረምት ገባ ማለት ነው። ስንሻው ከዲስኩ ጋር ያለው መግባባት ከሰው ጋር ካለው ይበልጣል። ዲስኩ ድንጋይ ሲነካ፣ ሥር ሲይዝ፣ እርጥብ መረሬ አፈር ሲለጠፍበት ድምፁ ይለያያል፤ እሱ ሁሉንም ይለያል። ግን በድምፅ ብቻ አያምንም፣ ያየዋል። ግራ እጁን መሪው ላይ፣ ቀኝ እጁን የኋላ ጎማው ጭቃ መከላከያ ላይ አድርጎ፣ ከወገቡ ወደ ቀኝ ተጠምዝዞ ወደኋላ እያየ ያርሳል። ይህ የሱ ብቻ አይደለም፤ በዚያ አገር ያለ ኦፕሬተር ሁሉ እንዲሁ ነው የተማረው። ዲስኩ አፈሩን የሚገለብጠው ወደ ቀኝ ነው፤ የትራክተሩም ቀኝ ጎማ ቀድሞ በታረሰው ፈር ውስጥ ወርዶ ነው የሚሄደው። ወደ ቀኝ ያላየ ምን ሊያይ? ወደፊት ብቻ እያየ የሚያርስ ቢገኝ "መንገደኛው መጣ" ብለው ይስቁበታል።

ከትራክተሩ ሲወርድ የሚያሳፍረው ነገር ንባብ ነው። በልጅነቱ ሁለት ክረምት መሠረተ ትምህርት ተምሯል፤ ዛፍ ሥር፣ ግንድ ላይ ተቀምጦ። ፊደሉን ያውቀዋል፤ ግን ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ማንበብ አይሆንለትም። ስለዚህ የሱቅ ጽሑፍ ማንበብ ሲያምረው፣ የከንፈሩ እንቅስቃሴ እንዳይታወቅበት፣ ጥርሱን በስንጥር የሚጎረጉር ይመስላል። እንግሊዝኛማ ጭራሽ።

በዘጠና ዘጠኝ ግንቦት መጨረሻ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ስንሻው አፈሩን ሊሞክር የእርሻውን ዳር ጥቂት ዙር አረሰና ወረደ። ሲወርድ ወገቡ አልተከተለውም። እንደ ማጭድ እንደጎበጠ ቀረ። ሰው እንዳያየው ጎማውን ይዞ፣ ጎማውን እንደሚመረምር ሆኖ ቆየ።

ሁለተኛው ኦፕሬተር ጌች ከዛፍ ሥር ሆኖ ይመለከተዋል። ጌች ከስንሻው በዐሥር ዓመት የሚያንስ፣ ምላሱ የማያርፍ ጎልማሳ ነው።

"አያ ስንሻው፣ ጎማው ምን እያለህ ነው?"

ስንሻው ጎማውን በጡጫው መታ መታ አደረገ።

"ኧረ ንገረኝ፣ ሚስጥር ከሆነም አልናገርም።"

በማግስቱ ሸሕዲ ውስጥ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄደ። ያየው ሰው ቸኩሏል፤ ጀርባውን ሁለት ቦታ ጫን ጫን አደረገና "ዲስክ ሳይሆን አይቀርም፣ ጎንደር ሄደህ በማሽን ታይ" ብሎ ወረቀት ጽፎ ሰጠው። ቀጥሎ ያለውን ሰው ጠራ። ስንሻው የሚጠይቀው ነገር በአፉ ሞልቶ ነበር፤ እሱን ውጦ ወጣ።

ዲስክ በሸሕዲ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ አምባውን ማየት ነው። አምባው በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረው ኦፕሬተር ነው። ወገቡን ታመመ፣ ዲስክ ነው ተባለ፣ በሐኪም ተቀደደ። ከሞት ተርፏል፤ ትራክተር ላይ ግን ዳግመኛ አልወጣም። ዛሬ በመናኸሪያው በር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ክብሪትና ባትሪ ድንጋይ ይሸጣል። ከዚያ ቀን በኋላ ስንሻው መናኸሪያ ሲደርስ መንገድ መሻገር ጀመረ።

የሚሰማው ነገር ሌላ ነው። ሲያጎነብስ፣ ሲነሳ፣ ሲያስነጥሰው፣ ጀርባው ውስጥ አንድ ትንሽ የማረሻ ዲስክ ተሸጉጦ፣ በተሳለው ጠርዙ ከውስጥ የሚከትፈው ይመስለዋል። ዕድሜውን ሙሉ የገፋው ብረት ዞሮ እሱን ሊያርሰው የገባ።

ነገሩን ለሚስቱ ለአየሁሽም አልተናገረም። እሷ ግን አንድ ጠዋት ከውጭ ስትገባ አልጋ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሮቹን ወደ ላይ ሰቅሎ የጫማውን ክር ሲያስር አገኘችው።

"አንተ፣ ሰው ጫማ እንዲህ ነው የሚያደርግ?"

"ጣራው ያፈስስ እንደሆን እያየሁ ነው።"

"በእግርህ ነው የምታየው?"

ስንሻው እግሩን አወረደ። ከሸሚዝ ኪሱ አራት የታጠፈችውን ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። አየሁሽም ማንበብ አትችልም፤ ወረቀቱን ገልብጣ ገልብጣ አየችው።

"ምን ይላል?"

"ዲስክ።"

"ዲስኩ ምን ሆነ?"

"የትራክተሩ አይደለም። እዚህ።" ወገቡን ነካ።

ነጠላዋን አጥብቃ ወገቡን ጠፍንጋ አሰረችለትና "ጋሼ እንግዳው ሰምተዋል?" አለችው።

"አልሰሙም።"

"እንዳይሰሙ። ለሰኔ ሚካኤል ስንት ቀን ቀረ?"

ዐሥራ ሰባት ቀን ነበር የቀረው። አቶ እንግዳው ዋናውን እርሻ የሚያስጀምሩት ከሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው። ከዚያ በኋላ ትራክተር አይቆምም፤ ታማሚም አይጠበቅም። ኦፕሬተር ከወደቀ ሌላ ይቀመጣል፣ የተቀመጠም አይነሳም። ስንሻውን ያስጨነቀው ይህ ነበር። ሌላ ሥራ ምን አለ? ሱቅ፣ ደላላነት፣ ሹፍርና፣ ጥበቃ፤ ሁሉም ሰው ማነጋገር ይፈልጋል። ሳይናገር የሚያድርበት ሥራ ያቺ ትራክተር ብቻ ናት።

ቅዳሜ መምህር ማተቤ በሩን አንኳኳ። ማተቤ በዚያው ግቢ ተከራይቶ የሚኖር የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። ሰው የከብት ዘር እንደሚቆጥር እሱ የቃል ዘር ይቆጥራል፤ የማን ልጅ፣ ከየት መጣ፣ ማንን ወለደ እያለ በወፍራም ደብተር ይጽፋል። ለትምህርት ቤቱ ከጎንደር አዳዲስ ዴስክ መጥቶ መናኸሪያ ወርዷል፤ በትራክተር ተሳቢ ቢያመላልስላቸው ብሎ ነው።

እምቢ ማለትም መናገር ነው። ስንሻው ሄደ።

ጭነቱን መምህራኑ ጫኑት። ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲደርሱ ግን ማተቤ የአንዱን ዴስክ ጫፍ ያዘና "በል ያዝልኝ" አለው። ስንሻው ያዘ። ከመሬት አንድ ስንዝር ሳይነሳ ለቀቀው፤ ላቡ በግንባሩ ወረደ። ማተቤ አየው፤ ሌላ መምህር ጠርቶ አነሳው። ሌሎቹን አስጨርሶ ሲያሰናብት ስንሻውን በኒሙ ዛፍ ጥላ ከአዲሶቹ ዴስኮች በአንዱ ላይ ጎኑን አሳርፎ አገኘው።

"ወገብህ ነው?"

ስንሻው ወረቀቱን አወጣ። ማተቤ አነበበና "ይታይ ብለው የላኩህ ወረቀት ነው፤ ጥርጣሬ ነው፣ ፍርድ አይደለም" አለ። "ለምን አልሄድህም?"

"ዲስክ ነዋ።"

"ዲስክ ምን መሰለህ?"

ስንሻው ሦስት ጊዜ ዋጠ። ከዚያ በእጁ አሳየ፤ ክብ አደረገ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ እንደሚሞክር ዳሰሰ፣ ወደ ጀርባው አመለከተ።

ማተቤ አልሳቀም። ፊት ለፊቱ ባለው ዴስክ ተቀመጠ።

"ስማ ስንሻው። ይህ ቃል ዕድሜው ከትራክተርም ከእንግሊዝም ይበልጣል። የግሪኮች ነው። ዲስኮስ ይሉታል። ጎረምሶቻቸው በበዓል ቀን ማን ያርቃል እያሉ የሚወረውሩት ክብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ኋላ በብረትም ሠርተውታል።"

"ድንጋይ ውርወራ?"

"ድንጋይ ውርወራ። ሮማውያን ቃሉን ወሰዱና ሳህን አደረጉት። እንግሊዞች ደግሞ ከሮማውያን አንዴ ብቻ አይደለም የወሰዱት፤ በየዘመኑ፣ በየበሩ ነው ያስገቡት። መተማ ያለ ኮንትሮባንድ በለው። መጀመሪያ ሳህንነቱን ይዞ ገባና ዲሽ ሆነ።"

"የኳሱ ዲሽ?"

"የኳሱ ዲሽ። ጣራ ላይ የተሰቀለ ሳህን አይመስልም? ሌላ ጊዜ ሲገባ ደግሞ ገበታ ሆኖ፣ ጠረጴዛ ሆኖ ገባ። እሱ ይኸውልህ።" ማተቤ በመዳፉ እንጨቱን መታ መታ አደረገ። "ዴስክ። የተቀመጥህበት።"

ስንሻው ብድግ አለ፣ የሰው ንብረት ላይ ተቀምጦ እንደተያዘ።

"ኧረ ተቀመጥ። በመጨረሻ ዋናው ራሱ በስሙ መጣ። ክብና ጠፍጣፋ ነገር ሁሉ ዲስክ ተባለ። የዱሮው የዘፈን ሸክላ፣ የዛሬው ሲዲ፣ ያንተ ማረሻ።"

"የፍሪሲዮኑም" አለ ስንሻው። ይህን ያውቀዋል፤ በእጁ ስንቴ ቀይሮታል።

"የፍሪሲዮኑም። በግሪኮች ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ኅብስቱ የሚቀመጥበትን ጻሕል እስካሁን ዲስኮስ ነው የሚሉት።"

ስንሻው አማተበ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጀርባ ያለውስ?" አለ።

"እሱም በመልኩ ነው የተጠራው። አጥንት የሚመረምሩ ሐኪሞች ክብና ጠፍጣፋ ሆኖ አገኙት። ብረት አይደለም ስንሻው። በአጥንትና በአጥንት መሃል ያለች ለስላሳ ትራስ ናት፣ አጥንቶቹ እንዳይፋጩ። አንተም አለህ፣ እኔም አለኝ፣ አቶ እንግዳውም አላቸው።"

"ሁሉም ሰው?"

"ሁሉም።"

"ሳይታመም?"

"ሳይታመም። ስትወለድም ነበረህ።"

ስንሻው እጁን ወደኋላ ልኮ ወገቡን ዳሰሰ። ለሁለት ሳምንት ያህል ጀርባው ውስጥ ያዞረው የተሳለ ብረት ወጣና፣ በቦታው እንደ ፍሪሲዮን ሸራ ያለች ለስላሳ ነገር ገባች። ሕመሙ እንዳለ ነው፤ ፍርሃቱ ግን ግማሹ እዚያው ኒሙ ሥር ቀረ።

"ግማሹን፣ የቃሉን ነገር፣ ነግሬሃለሁ" አለ ማተቤ። "የቀረውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ነው። ተነስ፣ ሲስተር መነን ዛሬ ተረኛ ናት።"

ጤና ጣቢያው ከትምህርት ቤቱ ማዶ ነው። ተሳቢውን ፈትተው በትራክተሩ ሄዱ። ሲስተር መነን ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ፈጣንና ቀልደኛ ሴት ናት። አስተኝታ አንዱን እግሩን፣ ከዚያ ሌላውን ቀጥ አድርጋ አነሳች። በተረከዝህ ሂድ፣ በጣቶችህ ሂድ አለችው። ሕመሙ ወደ እግርህ ይወርዳል? አይወርድም። እግርህ ይደነዝዛል? አይደነዝዝም። ሽንት ይከለክልሃል? ስንሻው ወደ ግድግዳው ዞሮ አይከለክለኝም በሚል ራሱን ነቀነቀ።

"የቱ ጋ ነው?"

በቀኝ በኩል አሳያት። ጫን ስትለው ዘለለ። በግራ ጫን አለች፤ ምንም።

"ሥራህ ምንድን ነው?"

ማተቤ ሊመልስለት አፉን ከፈተ። መነን በዓይኗ ዝም አሰኘችው።

"ኦፕሬተር" አለ ስንሻው።

"አታውራኝ እንግዲያ፣ አሳየኝ። ትራክተሯ ውጭ አይደለች?"

ወጡ። ስንሻው እንደምንም ወጥቶ ተቀመጠ። ግራ እጁ መሪው ላይ፣ ቀኝ እጁ ጭቃ መከላከያው ላይ፣ ወገቡ ተጠምዝዞ።

"እንዲህ ሆነህ ስንት ሰዓት ትቆያለህ?"

"በሥራ ጊዜ… ከንጋት እስከ ማታ።"

"ወደ ግራስ?"

"ምን?"

"ወደ ግራ ዞረህ አታይም?"

ስንሻው ግራ ተጋባ። "ግራ ምን አለ ብዬ?"

በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። መነንም ሳቀች። ከዚያ ውረድ አለችውና ነጭ ጋወኗን ሰብስባ ራሷ ትራክተሩ ላይ ወጣች። የመቀመጫው ሞላ በቀኝ በኩል ከተሰበረ ሁለት ዓመቱ ነው። ስንሻው ሳንቃ አስገብቶ፣ በላዩ ጆንያ አልብሶት ነበር፤ ሳንቃው ወደ ቀኝ ያዘነብላል። መነን ተቀመጠች፣ ተንሸራተተች፣ መሪውን ይዛ ተረፈች።

"እዚህ ላይ ስንት ዓመት ተቀመጥህ?"

"ሳንቃው ሁለት ዓመቱ ነው" አለ ስንሻው፣ ሳንቃውን ሊከላከልለት ፈልጎ።

"መቀመጫህ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ጎማህ ፈር ውስጥ ሲገባ ትራክተሯ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። አንተ በዚያ ላይ ወደ ቀኝ ትጠመዘዛለህ። ጨርቅ ሲጨመቅ አይተህ የለም?" ወረደችና በቁም ነገር ቀጠለች። "የዲስክ ምልክት አላየሁብህም። ያየሁት ዕድሜውን ሙሉ ወደ አንድ ጎን የተጠመዘዘ ሥጋ ነው። መድኃኒት እሰጥሃለሁ። በወር ውስጥ ካልተሻለህ፣ ወይ እግርህ ከደነዘዘ፣ ያን ቀን ጎንደር ትሄዳለህ፤ ሰኔ ነው ሐምሌ ነው የለም። መቀመጫውን ታስተካክላለህ። በየሰዓቱ ትወርዳለህ። ተጠምዝዘህ አታርስም።"

"ሳልዞር ዲስኩን በምን ልየው?"

"እሱን አንተ ታውቃለህ። የኔ ድርሻ ጀርባህ ነው።"

ስንሻው ሲመለስ ልቡ ቀልሎት ነበር፤ ያቺ ጥያቄ ግን ትከሻው ላይ ተቀምጣ አብራው መጣች። አልቀደድም፣ ይሁን። ግን ዲስኩን ሳያይ እንዴት ያርሳል? አንድ ዲስክ ሥር ይዞ ሲንሳፈፍ ሳያይ ቢቀር መሬቱ ጦም ያድራል። አቶ እንግዳው እንዲህ ያለ ፈር ካዩ ሕመም አይጠይቁም፤ መሪውን ለጌች ነው የሚሰጡት።

ማክሰኞ ለመቀመጫው ሞላ ሊፈልግ መተማ ዮሐንስ ወረደ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሹፌሩ ጎን፣ በር በኩል ተቀመጠ። መንገዱን ሙሉ ዓይኑ ከአንድ ነገር አልተነሳም። ሹፌሩ ወደኋላ ዞሮ አያይም። ሊያልፈው የሚመጣው አይሱዙ፣ የሚከተለው ባጃጅ፣ አስፋልቱ ላይ የቀረችው ፍየል፤ ሁሉም በስፖኪዮው መስተዋት ውስጥ አለ። ስንሻው ዕድሜውን ሙሉ ስፖኪዮ አይቷል። ለማረሻ ይሆናል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም፤ ማረሻ ከኋላ የሚቀድመው የለውማ።

ከኬላው አጠገብ መሐመድ የሚባል ሱዳናዊ የሞቱ የሱዳን ሎሪዎችን እየበለተ ይሸጣል። ሞላው ተገኘ። ስንሻው ግን አልሄደም። የአንድ ሎሪ በር ላይ የቀረ፣ የክንድ ያህል የሚረዝም ስፖኪዮ ሥር ቆመ።

"እህ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ጠፋህ ወይስ ራስህን እያየህ ነው?" አለው መሐመድ።

"ይህን… ይህንም።"

"ሎሪ ገዛህ እንዴ?"

"ለማረሻ ነው።"

መሐመድ ቁልፉን ይዞ ቆመ። "ማረሻ መስተዋት ያያል?"

"እኔ ነኝ የማይ።"

"ከላስ፣ በቃ ውሰደው። ሰሊጥ ስታመርት መርቀኝ።"

ሞላውን ገጥሞ ሳንቃውን አወጣ። ስፖኪዮውን ሲገጥም ግን አልሆነም። ጭቃ መከላከያው ላይ በብሎን አሰረው፤ ሞተሩ ሲነሳ መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሦስቱ ዲስኮች ሠላሳ ሆነው ታዩት። ፈታው፣ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ላስቲክ ቆርጦ ከሥሩ አነጠፈ፣ ደግሞ አሰረው። መንቀጥቀጡ ቀነሰ። ዝቅ አደረገው፣ ወደ ውስጥ አዞረው። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ሲመለከት ሦስቱ ዲስኮች፣ ፈሩም፣ የሚገለበጠውም አፈር አንድ ላይ ገቡለት። ቀጥ ብሎ መቀመጡ ራሱ እንግዳ ነገር ሆኖበት አንድ ሁለት ጊዜ በልማድ ተጠመዘዘ፤ ወገቡ አስታወሰው።

በሰኔ ሚካኤል ማግስት አቶ እንግዳው ገና በጠዋቱ በፒክአፕ መጡ። ጌች አብሯቸው ወረደ። ፊቱን ሲያይ ስንሻው ወሬው ከየት እንደሄደ ገባው።

"ስንሻው፣ ታመሃል አሉኝ" አሉ አቶ እንግዳው።

ስንሻው አንድ ጊዜ ዋጠ፣ ሁለት ጊዜ ዋጠ።

"ታምሜ ነበር ጋሼ። ዲስክ አይደለም ብለውኛል። አጠማዘዜ ነው። አሁን አልጠመዘዝም።"

ጌች ስፖኪዮውን አየ። ዙሪያውን ዞረው።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው? አያ ስንሻው፣ ልትኳል ነው? ሙሽራ ሆንህብን እኮ።"

ፒክአፑ ላይ ያሉት ሳቁ። አቶ እንግዳው አልሳቁም፤ እጃቸውን ወደ ሜዳው ዘረጉ። "እረስ።"

ስንሻው ወጣ። ዲስኩን አወረደ። ቀጥ ብሎ ወደፊት፣ ከዚያ ወደ መስተዋቱ፣ ከዚያ ወደፊት እያየ ሄደ። ከኋላው ጌች "መንገደኛው መጣ" ሲል ሰማው። በመሃል መስተዋቱ ውስጥ የመጨረሻው ዲስክ ከፍ ሲል ታየው፤ የግራር ሥር ነው። ማረሻውን አነሳ፣ መልሶ አወረደ፣ ቀጠለ። ደርሶ ተመለሰ።

አቶ እንግዳው ዱላቸውን ይዘው በፈሩ ውስጥ በእግር ተከተሉ። እየቆሙ ዱላውን ይተክላሉ፣ ጥልቀቱን በጣታቸው ይይዛሉ፣ ይሄዳሉ። ሥሩ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው አዩ። የተዘለለ መሬት የለም። ስንሻው ትራክተሩ ላይ ሆኖ ያን ሁሉ በስፖኪዮው ሲያይ፣ አቶ እንግዳው ከዲስኩ ኋላ እያነሱ እያነሱ ሄደው፣ ከዚያ እየተለቁ ሲመጡ ሞተሩን አጠፋ።

"ውረድ" አሉት።

ወረደ። እሳቸው ወጥተው ተቀመጡ። መስተዋቱን አዩ።

"እኔን የሚያሳየኝ የራሴን ፊት ነው።"

"በኔ ልክ ነው ያሰርሁት ጋሼ።"

"እንግዲያ በልክህ እረስበት" አሉና ወረዱ። "አንተ ቀኑን ትይዛለህ፣ ጌች ማታውን። ትራክተሯ ያንተው ናት።" ወደ ፒክአፑ ሲሄዱ ዘወር አሉ። "ያችን ሳንቃ ስታወጣት ለምን አልነገርኸኝም? ሞላ እኮ እኔ ነበርሁ የምገዛ።"

ስንሻው ኮፍያውን ነካ አደረገ።

በሳምንቱ ጌች መጣ። አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ነገር አወራ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ነዳጁ። መጨረሻ ላይ ቀኝ ጎኑን እየደባበሰ "ያ ሱዳን… መሐመድ ያልኸው፣ ሌላ ስፖኪዮ ይኖረው ይሆን?" አለ። ስንሻው "ልትኳል ነው?" አለው። ጌች ሳቁን ለቀቀው።

ሕመሙ በአንድ ቀን አልለቀቀውም። ሲስተር መነን በወሩ አይታው ጎንደር መሄድ አያስፈልግህም ያለችው ዕለት፣ ከጤና ጣቢያው ወጥቶ መናኸሪያው ጋ ሲደርስ መንገዱን አልተሻገረም። ቀጥ ብሎ ሄዶ አምባው ፊት ቁጢጥ አለ። ቁጢጥ ማለት ቻለ። ክብሪት ገዛ፤ ከዚያ ሳይጠይቁት ያወራ ጀመር። የግሪኮቹን ድንጋይ፣ ሳህኑን፣ ዴስኩን፣ ሁሉም ሰው ጀርባ ውስጥ ያለችውን ለስላሳ ትራስ፣ ስፖኪዮውን። አምባው ክብሪት ሊገዛ የመጣውን ሰው ሁሉ በእጁ እያቆመ አዳመጠው።

"የኔ የእውነቱ ነበረ" አለ አምባው ሲጨርስ። "ግን ቀደም ብሎ አንድ ሰው ተቀመጥና አሳየኝ ቢለኝ ኖሮ፣ እንጃ።" ፈገግ አለ። "ትራስ ናት አልኸኝ? እኔስ ብረት ነበር የመሰለኝ።"

"እኔም።"

በማግስቱ ጠዋት አየሁሽ ከውጭ ስትገባ ስንሻው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ሰው አጎንብሶ፣ የጫማውን ክር ሲያስር አገኘችው። በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ እስኪጨርስ አላስቸኮለችውም። ሁለተኛውን ጫማ አስሮ ቀና ሲል ፊቱ ላይ ሳቅ ነበረ።

"አየሁሽ፣ ያ ቁርስ ያቀረብሽበት ሳህን ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?"

"ሳህን ነዋ።"

"የዲስክ ዘመድ ነው። መጀመሪያ ግሪኮች…"

"ግሪኮቹ ይቆዩ፣ ፍርፍሩ እየቀዘቀዘ ነው" አለችው። ስንሻው ግን እየበላም አላቆመም፤ እሷም ውሃ ልትቀዳ ማሰሮዋን ካነሳች በኋላ መልሳ አስቀምጣ፣ ዲሹ ጋ እስኪደርስ ሰማችው።